ፀጉር በበቆሎ

በማለዳ በር ሲንኳኳ አልወድም። እናንተስ? በቀን የሚያንኳኳ ሰው ወይ ሊበደር ነው ወይ ሰው ሊያማ ነው፤ ሁለቱም ይቻላል። ጎህ ሲቀድ የሚያንኳኳ ግን ከሁለት በአንዱ ምክንያት ነው የሚመጣው። አንደኛው መርዶ ነው። ሁለተኛውን ስደርስበት አጫውታችኋለሁ።

ዘመኑ የደርግ፣ አገሩ አርባ ምንጭ ነው። እኔ ሲቀላ በሚባለው የከተማው ክፍል የታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። ትውልዴ ወሎ፣ ከደሴ ወዲያ ነው። ምደባ የሚሉት ጉድ አንስቶ ጋሞ ጎፋ ጣለኝ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። አንድ የሽቦ አልጋ፣ አንድ ፋኖስ፣ ወሎ ውስጥ ደግሞ አንዲት እናት አለችኝ። እሷም ከኔ ሌላ ልጅ የላትም።

ድርቁ ወሎን ሲመታ የእናቴ ወሬ ጠፋ። ከዚያ የመጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው አንጀት የሚበላ ነው። ትኑር ትሙት የሚነግረኝ አጣሁ። ሄጄ ልያት ብዬ ፈቃድ ብጠይቅ፣ አንዱ ካድሬ፣ ጓድ፣ የሁላችንም እናት ኢትዮጵያ ናት፣ በርታ ብሎ መለሰኝ። ኢትዮጵያንማ እወዳታለሁ። ግን በልጅነቴ ጉልበቷ መሃል አስቀምጣ ፀጉሬን አልቆረጠችኝም። እናቴ ናት የቆረጠችኝ፤ ያውም በግ በምትሸልትበት መቀስ። ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ደጄ ላይ የሰው ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይል ጀመር።

በዚያው ሰሞን ሲቀላም ነጠፈች። ዝናቡ ቀረ፣ የጭነት መኪናው ቀረ፤ ጨው ጠፋ፣ ሳሙና ጠፋ፣ ላምባ ጠፋ። የቀበሌው ሱቅ ጧት ይከፈታል፣ ባዶ መደርደሪያውን ያሳየናል፣ ይዘጋል። እኛም ባዶ መደርደሪያ ለማየት ተሰልፈን እንጠብቃለን። ብር ይዘህ ገበያ ብትወጣ ሴቶቹ፣ ምን እናድርገው፣ እንቀቅለው ወይስ እንጥበሰው ይሉሃል።

ታዲያ ሕዝቡ ምን አደረገ? ልውውጥ ጀመረ። ዶርዜው ጋቢውን በበቆሎ፣ የጫሞ ሐይቁ አሳ አስጋሪ አሳውን በጨው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አንድ መርፌ በአንድ ዶሮ ይወጋል፤ ወባው የበረታ ጊዜ የሰውዬው ግቢ የዶሮ እርባታ መሰለ። ሁሉም የሚለውጠው አለው። እኔስ? እኔ ያለኝ ደሞዝ ብቻ!

ጎረቤቴ እትዬ አስቴር በቆሎ ይነግዳሉ። ጴንጤ ናቸው፣ ውሸት አይናገሩም፤ ይህ ለነጋዴ ቀላል ፈተና አይደለም። አንድ ጣሳ በቆሎ ይስጡኝና ታሪክ ላስተምርዎ አልኳቸው። ቲቸር፣ እኔን ያስቸገረኝ ያለፈው ሳይሆን የዛሬው ነው አሉኝ። በቆሎውን ግን አልከለከሉኝም። በር ላይ ቆመው ሰጡኝ፣ በር ላይ ቆሜ ተቀበልኩ፣ በሩ ተዘጋ።

ልውውጥ ይህ ክፉ ጠባይ አለው። ሰጥቶ መቀበል፣ ተቀብሎ መሄድ። ግባ የለ፣ ተቀመጥ የለ። ድሮ ሲቀላ ውስጥ በምሳ ሰዓት በሰው ደጅ ማለፍ አይሞከርም ነበር፤ ጎትተው ያስገቡሃል። አሁን ሁሉም የሚያካፍለው ስለሌለው አፍሮ በሩን ዘግቶ ይበላል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ? እኔ እኮ የራበኝ በቆሎ ብቻ አልነበረም። ኩርኩፋ የሚሉትን የበቆሎ ዱቄት ድብልብል ሀለኮ ከሚባለው የሽፈራው ቅጠል ጋር ቀቅዬ፣ ከፋኖሱ ፊት ለፊት ተቀምጬ እበላለሁ። ፋኖሱም ላምባ የለውም፤ ሁለታችንም ጨለማ ውስጥ እንተያያለን።

አንድ ቀን ግን ዘዴ መጣልኝ። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ለዘመቻ ተወስዶ፣ የሰው ራስ ሁሉ ጫካ ሆኗል። እኔ ዘንድ ደግሞ መቀስ አለ። ፀጉር መቁረጥ ትችላለህ ወይ? አልችልም። ቢሆንም የቸገረው እርጉዝ ያገባል። የማውቀው አንድ ቁርጥ ነው፤ የእናቴን። ከፊት እንደ ቤት ክዳን ቀጥ ይላል፤ ከኋላ እንደ ጨንቻ ተራራ መንገድ ይጠማዘዛል።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ጋሽ አንጁሎ ነበሩ። ከዶርዜ ወርደው ከቤቴ ጀርባ የሚኖሩ ሸማኔ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ቆጮ ይዘው መጡ፤ ቆረጥኳቸው። መስታወት አልነበረኝም፤ ይህ ለሥራዬ በጣም ጠቅሞኛል። በማግስቱ ባርኔጣ አድርገው አየኋቸው። ፀሐዩ ነው ብዬ አለፍኩት። ከዚያ በኋላማ ሰው ጎረፈ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ እኔ ዘንድ የሚመጣው ግን ጠርጥሮም አማራጭ ስለሌለው ይመነጠር ነበር።

አቤት ሥራውን እንዴት እንደወደድኩት! ለምን መሰላችሁ? ፀጉር በር ላይ ቆሞ አይቆረጥም። ሰውዬው ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ማሳው፣ ስለ ሐይቁ አዞ ያወራል። ለዚህ ብዬ ቀስ ብዬ እቆርጣለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? ጨርሼም እቆርጣለሁ። ሰውዬው እንዳይነሳብኝ ብዬ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ቀርታለች እያልኩ፣ ያልቀረችውን እከረክማለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን በማለዳ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሽ አንጁሎ ከፊት፣ እትዬ አስቴርና ድሬሰሩ ከጎን፣ ከኋላ የሰፈሩ ወንዶች። ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። እንዴት አደርክ የሚል የለም። ሁሉም መሬት መሬት ያያል፤ አንዱ ሌላውን በክርኑ ይጎስማል። በመጨረሻ ጋሽ አንጁሎ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ቲቸር፣ እስቲ ቁጭ በል አሉኝ። ከዚያም ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? መርዶ በእኛ አገር እንዴት ነው የሚነገረው? እናትህ ሞተች ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ጨዋ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተሰብስቦ በማለዳ መምጣትና ዝም ማለት ነው። የቀረውን ባለቤቱ ይጨርሰዋል። እኔም ጨረስኩት። እማዬን! ብዬ መሬት ላይ ተዘረርኩ።

ጋሽ አንጁሎ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከዚያ እትዬ አስቴር ወይኔ ልጄን ብለው ጮኹ፤ እሳቸው ሲጮኹ ሰፈሩ ጮኸ። ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ግቢዬ ውስጥ ሸራ ተወጠረ። ከዶርዜ ሳይቀር ሰው ወረደ። የዶርዜ ለቅሶ ደግሞ እንደኛ ተቀምጦ አይደለም፤ ሰውዬው ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ሐዘኑን በእግሩ ያወጣዋል። አንዲት የማላውቃቸው ባልቴት የእናቴን ስምና ሙያ ጠየቁኝ። በግ ትሸልታለች፣ እኔን ትቆርጣለች አልኳቸው። ያችን ይዘው እናቴን በጋሞኛ አለቀሱላት። ቃሉ አልገባኝም፤ እንባዬ ግን ገብቶታል።

ሲበላስ? ጨው እንደ ወርቅ በሚታይበት በዚያ ቀን፣ እትዬ አስቴር የደበቋትን ጨው አምጥተው በእፍኝ ድስቱ ውስጥ በተኗት። አሳው መጣ፣ ቆጮው መጣ፣ ድሬሰሩ ዶሮዎቹን አረደ። በምን ልለውጥ ያለ የለም። እስከ ሰልስት ድረስ ግራና ቀኜ ሰው ተኝቶ አደርኩ። እናቴ ሞታ ደስ አለኝ ልበል? ሎቱ ስብሐት! ግን ሲቀላ ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ሰው በሰው የሆንኩበት ቀን አልነበረም። ሰዉ ሲበተን ነው እንደገና ያለቀስኩት።

እንግዲህ ውለታ ተቀብሎ ዝም ይባላል? ለቅሶ የደረሰልኝን ሰው ሁሉ በነፃ ፀጉሩን ልቁረጥ አልኩ። እንደዚያ ስል ድሬሰሩ ሳል ያዘው። ሌላውም አንገቱን ደፋ። ይሉኝታ ብለው ነው ብዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ለመንኳቸው። ከለቅሶ ቤት የመጣ ሰው እምቢ አይባልምና አንድ በአንድ ተቀመጡልኝ። እኔም ሐዘኔን ሁሉ መቀሱ ላይ አወጣሁት። ጋሽ አንጁሎ እየተቆረጡ ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር አይቼ፣ ምን ዓይነት ደግ ሰው ናቸው፣ እስካሁን ለእናቴ ያዝናሉ አልኩ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን የእርዳታ እህል የሚያመላልስ ሹፌር ሲቀላ መጣ። ገበያ ላይ ወሎዬውን አስተማሪ የት ላግኘው ቢላቸው፣ የሰዉን ፀጉር እያየህ ሂድ፣ በጣም የባሰበት ሰፈር ስትደርስ አንኳኳ አሉት። ያለ ስህተት መጣ። አንዲት ከረጢት በሶ አቀበለኝና፣ እናትህ ናቸው የላኩልህ፣ ደህና ናቸው፣ ፀጉሩን ማን ይቆርጥለታል ብለውሃል አለኝ።

ምን ልበላችሁ? ሹፌሩን አቅፌ አልለቀቅሁትም። ከዚያ በሶዬን ታቅፌ ወደ ጋሽ አንጁሎ ሮጥኩ። የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ሸማ ይሠራሉ። እናቴ አልሞተችም! አልኳቸው። መወርወሪያቸው ከእጃቸው ወደቀ። እልል ብለው ሚስታቸውን ጠሩ፣ እግዜርን አመሰገኑ። ቀዝቀዝ ስንል ግን ነገሩ ከነከነኝ።

"ጋሽ አንጁሎ፣ ታዲያ ለምን አረዳችሁኝ?"

"እኛ? አንተ ነህ እንጂ እኛን ያረዳኸን! በሩን ከፍተህ እማዬን ብለህ ወደቅህ። ሌሊት ወሬ ደርሶት ነው ብለን አለቀስን።"

"ታዲያ ያን ማለዳ ለምን መጣችሁ?"

ጋሽ አንጁሎ የወደቀውን መወርወሪያ አነሱ። ከዚያ ልክ እንደዚያ ማለዳ ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ለዚህ" አሉኝ።

ለካ ሰፈሩ ተሰብስቦ መክሮ ኖሯል። ልጁ ባይተዋር ነው፣ እንዳይከፋው፣ ተማሪ ቤት ሳይሄድ በማለዳ ሄደን በዘዴ መቀሱን እንዲተው እንለምነው ብለው ነበር የመጡት። ማን ይናገር ሲባባሉ እኔ ቀደምኳቸው። ሁለተኛው ምክንያት ይኸው ነው።

በኀፍረት መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ያን ሁሉ ለቅሶ፣ ያን ሁሉ ጨው በምን ልመልሰው? ጋሽ አንጁሎን ጠየቅኳቸው። ለቅሶ አይመለስም፣ እኛ ዘንድ ይቀመጥልህ፣ እውነተኛው ቀን ሲመጣ ትወስደዋለህ አሉኝ። ቀጥለው አዲስ ጋቢ ከሳጥን አውጥተው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝና እጃቸውን ዘረጉ፤ ስለ ጋቢው መቀሱን! ሰጠኋቸው። በዚያ ክፉ ዘመን ሲቀላ ውስጥ ብዙ ልውውጥ ተደርጓል፤ ሕዝብ የተጠቀመው ግን በዚህኛው ነው። መቀሱ ቢሄድም ሰዎቹ መምጣታቸውን አልተዉም፤ ምን እንደሚቀበሉኝ እስካሁን አልገባኝም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ አዲስ አበባ አዛወሩኝ። እዚህ ብር ይሠራል፤ ሁሉም ይገዛል። ፀጉሬን የሚቆርጠኝ ሰው ስሜን አያውቅም፤ ቶሎ ጨርሶ ቀጥል ይላል። ከጎረቤቶቼ ጋር ሰላምታ አለን፣ ከዚያ ያለፈ የለንም። ለቅሶዬ የተቀመጠው ሲቀላ ነው።

አንድ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። የጋሽ አንጁሎን ጋቢ ደርቤ ከፈትኩ። ሁለቱ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ናቸው፤ ሦስተኛው ባርኔጣ ያደረጉ የማላውቃቸው ሽማግሌ። መሬት መሬት ያያሉ። እስቲ ቁጭ በል አሉኝ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ባርኔጣቸው ሰደዱ። መቀስ ከነካሁ ስንት ዓመቴ! ያም ሆኖ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የሰው ፀጉር ተበላሽቶ እንዳገኝ ጸልዬ አላውቅም።

"ስለ ፀጉሩ ነው አይደል?" አልኳቸው።

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

መላጣ ናቸው።