የተዘቀዘቀችው ጨረቃ

ትናንት ለዛሬ አጥቢያ፣ ትኩሳቱ ሊለቀኝ ሲል፣ ደሴ ከነሰዎቿ ተገልብጣ አየኋት። ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ይባላል፤ እኔ ግን ሳምንቱን ሙሉ መተኛትን ስፈራ ነው የከረምኩት። ዐይኔን በከደንኩ ቁጥር ታይፎይዱ ያልጠራሁትን ሁሉ እየሰበሰበ ያመጣብኝ ነበር።

ሕልሙ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በኤሌክትሪክ ሙያ ከተመረቅኩ ወዲህ ሥራዬ ሥራ መፈለግ ነው። ከዚያ የተረፈኝን ጊዜ የሞቱ ራዲዮኖችን ስከፍትና ጨረቃን ስመለከት አሳልፈዋለሁ። ከውሃ ቧንቧ ቁራጭና መነጽር ቤት ለምኜ ካገኘኋቸው መስታወቶች ቴሌስኮፕ ሠርቻለሁ። ጥሩ ያሳያል፤ አንድ ዓመል ብቻ አለበት፣ ሁሉንም ነገር ገልብጦ ነው የሚያሳየው። ያከራዩኝ እትዬ ከዲጃ አንድ ቀን ጨረቃን አይተውበት ሲያበቁ፣ «ምነው ልጄ፣ ገና ሥራ ሳትይዝ ዘቅዝቀህ ሰቀልካት?» አሉኝ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ኮከብ ቆጣሪ አድርጎኝ ዕድሉን ሊያስነግር የእናቱን ስም ይዞ ይመጣል። የራሴን ዕድል የማውቅ ብሆን ኖሮ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ስንጠራራ ባልዋልኩ ነበር።

ከሁለት ዓመት ፍለጋ በኋላ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ለፈተና ጠራኝ። ፈተናው ለፊታችን ሰኞ ነበር። እኔ ባለፈው ሰኞ ታምሜ ወደቅኩ። ኩታበር ላለችው እናቴ በስልክ ስነግራት፣ ሥራው ይቆይ፣ አንተ ብቻ ዳንልኝ አለችኝ። ሥራው እንዴት ይቆያል? እሷን በዚያ ቁልቁለት ውሃ ከመቅዳት የማሳርፋት በእሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን በደንብ አላስታውስም። እትዬ ከዲጃ ግንባሬን በእጃቸው ጀርባ እየዳሰሱ አጥሚት ያቀርቡልኛል፤ እኔ ዛሬ ምን ቀን ነው እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ፊታቸውን አዙረው፣ ገና ነው፣ ተኛ ይሉኛል። ይኸው ነው።

ሕልሜ ሲጀምር ቴሌስኮፑ ከጠረጴዛው ወርዶ፣ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ እኔን ይመለከተኛል። በዚያኛው ጫፍ ዐይን አለ። የጨረቃ ዐይን እንደሆነ ወዲያው አወቅኩ።

«ይሄኛው የተዘቀዘቀ ነው» አለች፣ አጠገቧ ላለ ለማላየው ሰው።

ተናድጄ ቀና ልል ስል አዳልጦኝ በቧንቧው ውስጥ ተንሸራትቼ ሄድኩ።

የወጣሁት ፒያሳ ነው። መሬቱ ከላይ፣ ሰማዩ ከታች ነበር፤ ሆኖም የወደቀ ሰው አልነበረም። ባጃጆቹ ውስጥ አህዮች እግራቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል፤ ሾፌሮቹ ከፊት እየጎተቱ «መናኸሪያ፣ መናኸሪያ» ይላሉ። አንዲት አህያ ስትወርድ የሾፌሩን አንገት አሸት አሸት አድርጋ አመሰገነችው። ቀበሌው በር ላይ ሠራተኞቹ ማህተማቸውን እንደያዙ ተሰልፈው ባለጉዳይ እስኪመጣላቸው ይጠብቃሉ። ባለጉዳዩ ስብሰባ ላይ ነው ተብለው ነበር።

ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው ስሄድ የማውቃቸው ሥራ ፈላጊዎች ሁሉ ሰሌዳው ላይ በሙጫ ተለጥፈው አገኘኋቸው። ለእኔም ቦታ ተይዞልኝ ነበር። አንዲት ሴትዮ ጀርባዬን ሙጫ ቀብታ ከመሃል ለጠፈችኝ። ከበታቻችን ከረባት ያሰሩ ሥራ አስኪያጆች ፀሐይ እየመታቸው ተጋፍተው ያነቡናል። አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ ስሜን መዳፉ ላይ ጻፈ። ከዚያ ዝናብ ጣለ። እነሱ ሮጠው ጥግ ያዙ፤ እኛ ቀለማችን እየፈሰሰ እዚያው ቀረን።

ሲያባራ አንድ ሽበታም ሥራ አስኪያጅ ቆቡን በእጁ ይዞ ቀረበኝ። ፊቱ ያሳዝናል።

«ሠራተኛ ፈልጌ ነበር» አለኝ።

«የሥራ ልምድ አለዎት?»

«ሠላሳ ዓመት አስተዳድሬያለሁ።»

«እሱን አላልኩም። ሥራ አጥተው ያውቃሉ?»

አንገቱን ደፋ። «አንድ ቀን እንኳ አጋጥሞኝ አያውቅም።»

«እንግዲያው ልምድ የለዎትም። ልምድ ሲኖርዎት ተመልሰው ይምጡ።»

«ካልሰጡኝ ልምዱን ከየት አመጣዋለሁ?» አለ። ድምፁ የራሴ ድምፅ ነበር።

ይህን ጥያቄ ስንት መስኮት ላይ ቆሜ ጠይቄዋለሁ። መልሱን ግን ዛሬም አላውቀውምና፣ እንደውልልዎታለን ብዬ ሸኘሁት። ቆቡን ሳያደርግ በዝናብ በራሰው መንገድ ሲሄድ እስኪጠፋ ድረስ አየሁት።

ከሰሌዳው ስላቀቅ ጀርባዬ ተላጠና ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። በዚያ አገር ጤነኛውን የሚጠይቀው በሽተኛው ነው። የሚስለው እየሳለ፣ የሚያነክሰው እያነከሰ፣ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥለው ይመጡና አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ዛሬም አልታመምክም? እያሉ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። ጤነኛው አፍሮ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ይስባል።

ኮሪደሩ ላይ ታይፎይድ ራሱ ቆሞ ነበር። አጭር፣ ንጹሕ ልብስ የለበሰ፣ አንገቱ ላይ የሠራተኛ መታወቂያ ያንጠለጠለ ሰውዬ ነው። ሰዓቱን አይቶ ለመውጣት ይሰናዳል። ከሁለታችን ሥራ ያለው እሱ መሆኑ አንገበገበኝ።

«በስንት ዓመት ልምድ ያዙህ?» አልኩት።

«ያለ ልምድ ነው» አለኝ። «እዚህ ዘመድ አለኝ። ወባ አክስቴ ናት።»

ሐኪሙ ያለፈው ክረምት ከፍቼው መልሼ መግጠም ያቃተኝ ራዲዮን ነበር። ሳይቀየመኝ፣ ብሎን መፍቻ ካቻቢቴውን አንስቶ ደረቴን ከፈተው። አላመመኝም፤ ብቻ በረደኝ። ምን ይታይሃል አልኩት።

«አንድ ጣቢያ ብቻ ነው የሚይዘው» አለ። «ቀንም ሌትም ፈተና፣ ፈተና ይላል። ሌሎቹ ጣቢያዎች ሳይኖሩ ቀርተው አይደለም። ማዞሪያው ነው የደረቀው።»

ዘይት ጠብ አድርጎበት ቀስ ብሎ አዞረው። መጀመሪያ ኮሽታ ብቻ ነበር። ቀጥሎ የእናቴ ድምፅ መጣ፤ ዶሮዎቿን እየጠራች ነበር። እሷን ሳላናግራት ጠፋች። ራዲዮኑም ደረቴን ሳይገጥምልኝ ካቻቢቴውን ኪሱ ከቶ ሄደ። እኔንም እንዲህ ነው የተውከኝ አለኝ።

ደረቴን በእጄ ገጥሜ ይዤ ወደ ፈተናው ሮጥኩ። ፈታኙ ጦሳ ነበር፤ ከተማችን ሥሩ የተኛችበት ተራራ። ሰው ሲወጣበት መኖር ሰልችቶት ወርዶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። በጆሮዎቹ ጉም ይወጣል። ከፊቱ የፋብሪካ በርና የእኔ ቴሌስኮፕ ተቀምጠዋል። በሩን እይ አለኝ። ባየው ሰማይ አክሏል፤ የማጠፊያው ብሎን እንኳ ከቤቴ ይበልጣል።

«አሁን ቧንቧውን አዙረህ እናትህን እያት» አለኝ።

ቧንቧን በተቃራኒው ጫፍ ያየ ያውቀዋል፤ አጠገብህ ያለው ነገር አገር አቋርጦ ይርቃል። እናቴ የሽንብራ ፍሬ አክላ፣ ጀሪካኗን አዝላ፣ በሰማዩ ዳር ዳር ትሄዳለች። ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም።

«እማ፣ ተመለሺ» አልኳት።

«ፈተናህን ጨርስ» አለች ሳትዞር። «እኔ የትም አልሄድም።»

እንዲህ እያለች ግን ትሄዳለች። ጦሳ ጥያቄውን አቀረበ፤ ከሁለቱ የሚበልጠው የትኛው ነው? መልሱን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። እጄ ግን ተነስቶ በሩን ጠቆመ፤ ገዝፎ የሚታየኝ እሱ ነበርና።

«አልፈሃል» አለ ጦሳ።

ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ተሰበሰበ። በዚያ አገር የሚለቀሰው ለደስታ ነው፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይደቁ ጀመር። ቧንቧውን መልሼ ባነሳው በሰማዩ ዳር ጀሪካኑ ብቻውን ቀርቷል። ያን ጊዜ የተሰማኝ ሐዘን አሁን ስጽፈው እንኳ አልለቀቀኝም። እንኳን ደስ ያለህ እያሉ የሚያለቅሱትን ሰዎች እየገፈተርኩ ወደ ጀሪካኑ ስሮጥ ነቃሁ።

ነግቷል። በላብ ተነክሬያለሁ፤ ትኩሳቱ ግን ለቆኛል። ዐይኔን ስገልጥ ሴቶቹ አሁንም አሉ።

እትዬ ከዲጃ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ሥር ተቀምጠዋል። ሁለት ጎረቤቶች ከጎናቸው መሬት መሬት ያያሉ። በርጩማው ላይ ደግሞ የሰፈሩ ዕድር፣ የቅሬያችን፣ ዳኛ ጋሽ እንድሪስ ከዘራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሲሞት ለዘመድ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ሌላ ጊዜ ቤቴ መጥተው አያውቁም።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ የለም። ለታመመ ሰው አይነገርም፤ እስኪሻለው ይደበቃል። ሲሻለው በማለዳ፣ ወሬ ሳይቀድም፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ እህል ቀምሶ ይነገረዋል። እትዬ ከዲጃ አጥሚቱን አቀረቡልኝ። መጀመሪያ ይቺን ፉት በል አሉኝ።

«እማ ናት?» አልኩ።

«እናትህ ደህና ናት» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

ይህ ቃል ጨርሶ ገደለኝ። እኛ አገር የሞተ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ደህና ነው፤ ትንሽ አሞት ነው እንጂ ደህና ነው ይባላል። ስልኬን ስጡኝ አልኩ። እትዬ ከዲጃ እንዳልረበሽ ብለው ከታመምኩ ጀምሮ እሳቸው ዘንድ ነበር የሚያስቀምጡት። ቀና ብለው ሳያዩኝ ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ። ጣቴ ቁጥሩን እየሳተ ደወልኩ። ጠራ። ጠራ። የጀሪካኑ ነገር ዐይኔ ላይ አለ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ ዶሮ ጮኸ።

«አቤት፣ ይመርዬ? ተሻለህ?» አለች እናቴ።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ጋሽ እንድሪስን አየኋቸው። እሳቸውም ከዚህ በላይ ማቆየት እንደማይገባ ገብቷቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አብሽር ልጄ። ሁሉም ከአላህ ነው» አሉ። «የፋብሪካው ሰዎች ማክሰኞ ደውለው፣ ፈተናውን ወደ ሐሙስ አምጥተነዋል ብለው ነበር። አንተ ያን ጊዜ ራስህን አታውቅም። ከዲጃም ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም ብላ ይዛው ቆየች። መርዶ ሳይጣራ አይነገርምና ትናንት እኔው ራሴ ኮምቦልቻ ወርጄ ጠየቅኩ። ፈትነዋል። ሰው ይዘዋል።»

እትዬ ከዲጃ ስንት ቀን አፍነው የያዙትን ለቅሶ ይህን ጊዜ ለቀቁት፤ ጎረቤቶቹ ተቀበሏቸው። እኔም አለቀስኩ። በሥራው ይሁን በእናቴ ድምፅ ራሴም አልለየሁትም። ሥራው ያመኛል፤ ነገም ያመኛል። ግን ዶሮዎቹ ጆሮዬ ሥር ይጮሃሉ፤ ያን ቧንቧ አንድ ሰው አዙሮ ያስያዘኝ ይመስል እናቴ ክፍሉን ሞልታዋለች።

«ይመር፣ ምንድን ነው የምሰማው?» አለች። «ማን ሞተብን?»

«ማንም አልሞተም እማ። ሁላችንም ደህና ነን።»

«ፈተናህስ? ሰኞ ነው አይደል?»

ጋሽ እንድሪስን አየኋቸው። ቀስ ብለው ራሳቸውን ወዘወዙ። መርዶ በስልክ አይነገርም።

«እሱም ደህና ነው» አልኳት። «ትንሽ አሞት ነው።»