ባለቤቶቹ እስኪመለሱ

ሽርርር... ቀጭ።

ድምፁ የመጣው ከሳሎን ነው። አባወራው የውጭውን በር ከፍቶ፣ አንዱን ጫማ አውልቆ ሁለተኛውን ሳያወልቅ ሰማውና በአንድ እግሩ እንደቆመ ቀረ። ሽርርር... ቀጭ። ሜትር ነው፤ ያ ተስቦ ሲለቀቅ ወደ ጎሬው የሚፈረጥጠው ቢጫ ሜትር። በሌላው ሰው ቤት ሜትር ከተሳበ አንድ ነገር ሊገባ ነው። እዚህ ቤት ሜትር ከተሳበ ግን አንድ ነገር ሊወጣ ነው። የምግብ ጠረጴዛው ተለካ፣ ወጣ። የጫማ መደርደሪያው ተለካ፣ ወጣ። ስለዚህ አባወራው ድምፁን በሰማ ቁጥር ትከሻውን ሰብስቦ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ብዙ ቦታ የማይፈጅ ሰው ለመምሰል ይጥር ነበር።

በሰው አገር ልጆች ማሳደግ ከባድ ኃላፊነት እንደሆነ ሲነገር ኖሯል። ልጅ ያተኩሰዋል፤ ብርድ በመጣ ቁጥር ጫማው ይጠብበዋል፤ በእናቱ ቋንቋ ሲጠይቁት በመምህሩ ቋንቋ ይመልሳል። እነዚህ ግን በጥልቀት ሲታዩ ጥቃቅን ጉዳዮች ናቸው። እንደ ቤተሰብ የተጋረጠባቸው ዋነኛ ተግዳሮት የሳሎኑ ገጽታ ነበር። ይህንንም ከሁሉም ቀድማ የተረዳችው እመቤቲቱ ናት። ቀን ቀን ሆቴል ውስጥ የሰው አልጋ ስታነጥፍ ትውላለች። ያነጠፈችውን ሰው ይተኛበታል፤ እንደገና ታነጥፋለች። ታዲያ በዚህ ሰፊ ዓለም ላይ ማንም የማያጨማድደው አንድ የራሷ ክፍል እንዲኖራት ተመኘች። ምኞቷ ትልቅ አልነበረም። ትልቅ የሆነው አፈጻጸሙ ነው።

የመነሳሳቷ ምንጭ ከከተማው ዳር ያለ አንድ ግዙፍ የቤት ዕቃ መደብር ነበር። መደብሩ ውስጥ ሳሎኖች፣ መኝታ ቤቶችና ወጥ ቤቶች ልክ ሰው እንደሚኖርባቸው ተሰናድተው ለዕይታ ቀርበዋል፤ ሰው ስለማይኖርባቸውም እጅግ ያምራሉ። ቤተሰቡ እሑድ እሑድ ወደዚያ ለልምድ ልውውጥ ይጓዛል። እመቤቲቱ ትለካለች፤ አባወራው የሜትሩን ጫፍ የመያዝ ከፍተኛ አደራ ተጥሎበታል፤ ሁለቱ ሴቶች ልጆች ደግሞ በሰው አልጋ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ይተኛሉ። ሜትሩ በማይፈለግበት ሰዓት አባወራው ለዕይታ ከቀረበው ሶፋ ላይ ዘንበል ብሎ ያሸልባል። የመደብሩ ጥበቃ ስለለመደው፣ መዝጊያ ሰዓት ሲደርስ ትከሻውን ነካ አድርጎ በአክብሮት ይቀሰቅሰዋል።

ልምዱ ደግሞ ምንም ሳይጎድል ወደ ቤት መግባት ነበረበት። ማሳያው ሳሎን ነጭ ነበርና ቤቱ ነጭ ሆነ። በማሳያው ሳሎን ትራሶቹ መሐላቸው በእጅ ጠርዝ እየተመታ እንደ ጥንቸል ጆሮ ቆመው ነበር፤ እቤትም ቆሙ። በማሳያው ግድግዳ ላይ ያለው ቴሌቪዥን ከካርቶን የተሠራ ነበር። እመቤቲቱ ካርቶኑ ሽቦ እንደሌለው፣ አቧራ እንደማይስብና ወሬ እንደማያወራ ካስተዋለች በኋላ፣ መደብሩ አሮጌውን ሊጥል ሲል ለምና አመጣችው። እውነተኛው ቴሌቪዥን ከሥር ወዳለው ዕቃ ቤት ተዛወረ። መደርደሪያው ላይም ጀርባቸው በወርቅ ቀለም የተጻፈ፣ ውስጣቸው ግን ባዶ የሆነ መጻሕፍት ተሰለፉ።

ከሁሉም የላቀው ስኬት የፎቶዎቹ ነው። ፍሬሞቹ ሲገዙ ውስጣቸው ናሙና ፎቶ ነበረባቸው። ጥርሱ የሚያበራ ሰውዬ፣ ግራጫ ሹራብ የለበሰች ሚስቱ፣ ልጆቻቸውና አንድ ትልቅ ውሻ ሣር ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ። ማንኛውም ተራ ሰው ይህን አውጥቶ የራሱን ያስገባል። አባወራውም ተራ ሰው ስለሆነ ጠየቀ።

«የእኛን የሠርግ ፎቶ መቼ ነው የምናስገባው?»

«ከረባትህ ከምንጣፉ ጋር ይጣላል።»

«ከረባቱን ሳስር እኮ ምንጣፉ አልነበረም።»

«እሱን ነው የምልህ። ሳታስብ ነው ያሰርከው።»

የሠርጉ ፎቶም ወደ ዕቃ ቤት ወረደ። ጥርሰ ብሩሁ ሰውዬ ከነቤተሰቡ ግድግዳው ላይ ቀረ። ትንሿ ልጅ ትምህርት ቤት ቤተሰቧን እንድትሥል ስትጠየቅ ውሻውን ሳይቀር ሥላ መጣች። መምህሯ ስለ ውሻው ጤንነት አባወራውን በትሕትና ጠየቀችው። እመቤቲቱ ግን ሥዕሉን ተመልክታ የቀለም ምርጫው ጥሩ እንደሆነ ብቻ ተናገረች።

አሁን ወደ ሜትሩ እንመለስ። ያን ቀን የሚለካው የአባወራው ወንበር ነበር።

ወንበሩ ቡናማ ነው፤ የግራ ክንዱ ተቀዷል፤ መሐሉ ጎድጉዷል። እዚህ አገር በመጡበት የመጀመሪያው ብርድ ጎረቤት አውጥቶ የጣለውን ባልና ሚስት ተሸክመው፣ ደረጃው ላይ እየተሳሳቁ ያስገቡት ነው። ሁለቱም ልጆች ሲያለቅሱ አባታቸው ደረት ላይ የተኙት እሱ ላይ ነው። አባወራው ሲቀመጥበት ወንበሩ «እህ» ይላል፤ አባወራውም «እህ» ይላል፤ ከዚህ በላይ የሚነጋገሩት ነገር የላቸውም። ጠረጴዛው ሲወጣ ዝም ብሏል። ቴሌቪዥኑ ሲወጣ ዝም ብሏል። ወንበሩ ሲለካ ግን ሁለተኛውን ጫማ ሳያወልቅ ነጩ ምንጣፍ ላይ ወጣ።

«ይኼማ አይሆንም» አለ።

«እትዬ ልትመጣ ነው እኮ።»

እትዬ የእመቤቲቱ አክስት ናቸው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እመቤቲቱ ከእትዬ አፍ አንዲት ቃል ብቻ መስማት ትፈልጋለች፤ «ቤት ሠራሽ» የምትል። ነጩ ግድግዳ፣ የቆሙት ትራሶች፣ የካርቶኑ ቴሌቪዥን፣ ሁሉም የተሰለፉት ለዚች ቃል ነው።

«እና እኔ ምን ላይ ልቀመጥ?»

«ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተቀምጠህ አይደል የምትውለው?»

«እየነዳሁ እኮ ነው።»

«ቢሆንም ተቀምጠህ ነው።»

አባወራው አውቶቡስ ሲነዳ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ እንዲህ ያለ መታጠፊያ ግን ገጥሞት አያውቅም። እሷ የተናገረችበትና እሱ ያዳመጠበት ሰፊ ውይይት ከተካሄደ በኋላ የጋራ መግባባት ላይ ተደረሰ። ወንበሩ ወደ ዕቃ ቤት ወርዶ ከልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ተቀመጠ።

እትዬ መጡ። በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ሳሎኑ መሐል ቆመው ግድግዳውን፣ ትራሶቹን፣ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እመቤቲቱ ሶፋው ላይ እንዲቀመጡ ጋበዘቻቸው፤ የሚያውቋት ሁሉ «እንዳትቀመጡ» ማለት መሆኑን በሚረዱት ድምፅ ነው የጋበዘቻቸው። እትዬ እዚሁ ይመቸኛል ብለው ሻንጣቸው ላይ ቁጭ አሉ።

ከዚያ ወዲያ እትዬ በቤቱ ውስጥ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው መሄድ ጀመሩ። የጠጡበትን ብርጭቆ ወዲያው አጥበው ይደብቃሉ። ጠዋት ሲነሡ ብርድ ልብሳቸውን አጣጥፈው፣ ማንም ያልተኛበት እስኪመስል አልጋውን በመዳፋቸው ይደባብሱታል። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ክው ብለው ይነሣሉ። እመቤቲቱ በደስታ ተጥለቀለቀች፤ ሥርዓት ያለው ሰው ያለ ብዙ ማብራሪያ እንደሚገባው፣ ከሌላው የቤተሰቡ አባል ግን ይህ እንደሚጎድል ለባሏ ገለጻ አደረገችለት።

አባወራው ዕረፍት በወጣበትና እመቤቲቱ ሥራ በገባችበት ቀን፣ እትዬ ወደ እሱ ጠጋ ብለው እጁን ያዙት።

«ልጄ፣ እኔን እንዳታፍረኝ።»

«ምኑን እትዬ?»

«መቼ ነው የሚመለሱት?»

«እነማን?»

እትዬ በአገጫቸው ወደ ግድግዳው አመለከቱ። «ባለቤቶቹ ናቸዋ።»

አባወራው ቀና ብሎ አየ። ጥርሰ ብሩሁ ሰውዬ ሳቀበት።

«ሰውየውስ ደግ ይመስላል» አሉ እትዬ። «ሚስትየዋ ናት አስቸጋሪዋ፤ ዓይኗ ያስታውቃል። ልጄ በገዛ እጇ ያጸዳችው ሶፋ ላይ ለመቀመጥ የምትፈራው ያለ ነገር አይደለም። ቴሌቪዥኑንም አንኳኩቼ አየሁት። እውነተኛውን ይዘው ሄደው ካርቶን ነው የተዉላችሁ። መጻሕፍቱንማ ተወው፤ ሥጋውን ወስደው ቆዳውን ትተዋል። እንዲህ ያለ ንፉግ አይቼ አላውቅም። ውሻቸውን ግን አልረሱትም፤ አይደል?»

አባወራው ባለቤቶቹ እኛ ነን ሊል አፉን ከፈተ። ክሱ ከባድ ስለሆነ ማስረጃ ፍለጋ ሳሎኑን ዞሮ አየው። ከነጩ ግድግዳ እስከ ነጩ ምንጣፍ የእሱ የሆነ፣ የልጆቹ የሆነ፣ የሚስቱ የሆነ አንድ ነገር አጣ። አፉን መልሶ ዘጋው። «ይምጡ እስኪ» ብሎ ወደ ዕቃ ቤቱ ይዟቸው ወረደ።

እዚያ ሁሉም ነበር። የምግብ ጠረጴዛው፣ የልጆቹ ጫማ፣ ሽቦ ያለው ቴሌቪዥን፣ የሠርጉ ፎቶ ከነጠበኛው ከረባት። እትዬ ፎቶውን በመሐረባቸው ጠረጉት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ «እህ» አለ፤ እትዬም «እህ» አሉ።

«ታዲያ እዚህ ነዋ የሚያኖሯችሁ።»

አባወራው ትንሽ አሰበና «አዎ እትዬ» አለ። ሲያስበው ውሸት ሆኖ አላገኘውም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በዕቃ ቤቱ ከፍተኛ መነቃቃት ታየ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት እንደመጡ ቦርሳቸውን እየወረወሩ እዚያ ይወርዳሉ፤ ትልቋ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ ትንሿ እትዬ እግር ሥር ተቀምጣ በእናቷ ቋንቋ መቀባጠር ጀመረች። እናቷ ከሥራ ስትገባ ሳሎኑ እሷ እንደምትወደው ጭር ብሎ ይጠብቃታል። አንድ ጊዜም ትራስ ሳይወድቅ ሳምንቱ አለፈ።

እትዬ በዚህ መሐል በትልቋ ልጅ ስልክ ወደ አገር ቤት ደውለው ነበር። ዘመድ አዝማድ ሁሉ፣ ያ በፎቶ ሲላክለት የኖረው ነጭ ሳሎን የሰው እንደሆነ፣ እመቤቲቱና ቤተሰቧም ዘበኛ ሆነው ታች ዕቃ ቤት እንደሚኖሩ ሰማ። ለእመቤቲቱ የደወለችላት የአጎቷ ልጅ ናት፤ አይዞሽ፣ እዚህ ማንም አልሳቀብሽም፣ ሁሉም ነገር ያልፋል ብላ አጽናናቻት።

እመቤቲቱ ደረጃውን እየደበደበች ወረደች። የዕቃ ቤቱን በር ስትከፍተው ሳቁ በአንዴ ጸጥ አለ። አባወራው ከተደገፈበት ማሽን ተነሥቶ ትከሻውን ሰበሰበ።

«ነይ ልጄ፣ ግቢ» አሉ እትዬ። «አይዞሽ፣ አልመጡም። እዚህ ማንም አያይሽም፤ ቁጭ በይ።»

እመቤቲቱ ልትናገር የመጣችውን ረሳችው። በሳሙናው ባልዲ ላይ ቁጭ አለች። ጠረጴዛውን አየች፣ ልጆቿን አየች፣ ሳያስብ ያሰረውን ከረባት አየች። እትዬ ጉልበቷን መታ መታ አደረጉት።

«ቤት ሠርተሻል ልጄ። ጠባብ ናት እንጂ ቤት ናት።»

ቃሏ መጣች። እመቤቲቱ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከዚያ ሳቀች፤ ባሏም ሳቀ። የሳሎኑን ነገር ለእትዬ ማስረዳት ለሌላ ቀን ተላለፈ። አባወራው ያን ምሽት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ዘመቻው በሰላም መጠናቀቁን በልቡ አወጀ።

በማግስቱ ከሥራ ሲገባ አንዱን ጫማ አወለቀ።

ሽርርር... ቀጭ።

ከታች ነው። ወረደ። እትዬ ኮሪደሩ ላይ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ጫማዎቹ ሳይቀሩ በቦታቸው ናቸው፤ በወንበሩ ዙሪያ ግን ቀይ ጥብጣብ ተወጥሯል። እመቤቲቱ ተንበርክካ የግራ ክንዱን ቅዳጅ ትለካለች።

«መነሳሳት መጣልኝ» አለች ቀና ሳትል። «እትዬ ቤት ያለችው ይኸን ነው። አንድ ነገር ከተነካ ያ ስሜቱ ይጠፋል። ከዛሬ ጀምሮ ማንም እዚህ አይቀመጥም፤ አንተም። ላይ ላሉት ሶፋዎች ልክ እንደዚህ ያለ ቅዳጅ ላወጣላቸው ነው። ና፣ ጫፉን ያዝልኝ።»

አባወራው ጫፉን አልያዘም። ጥብጣቡን በጥንቃቄ ፈትቶ አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ ወንበሩን ከሥሩ አነሣውና አናቱ ላይ ጫነው። ወንበሩ «እህ» አለ። እሱ «እህ» ሳይል ወደ ደረጃው ዞረ።

«ወዴት ነው?» አለች እመቤቲቱ።

እትዬ ከሻንጣቸው ተነሥተው ቀድመውት ደረጃውን ወጡና የውጭውን በር በሰፊው ከፈቱለት። አባወራው በአንድ እግሩ ጫማ፣ በአንድ እግሩ ካልሲ ሆኖ ወጣ። ልጆቹ ወደ መስኮት ሮጡ። ከመስኮቱ ሲታይ ሰውየው አይታይም፤ የሚታየው የአጥሩን አናት አልፎ፣ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ብቻውን የሚሄድ ቡናማ ወንበር ነው።

ከታች፣ ወንበሩ ከነበረበት ባዶ ቦታ፣ ሜትሩ እንደገና ተሳበ።

«እንዲህ ሲሆን ነው ለካ የሚያምረው» አለች እመቤቲቱ።

ወንበሩ መታጠፊያው ጋ ደረሰና ተሰወረ።