ቀጭኑ ከመስመር ወጥቷል

(ከአዳራሹ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል። የተደራረቡ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ጥግ ላይ ስንጥቅ መስታወት፣ በግድግዳው ሥር የሚያልፍ ቧንቧ። የሰፈሩ ኳየር የበዓል ኮንሰርት ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ሁሉን ነገር አውቃለሁ ማለቱ «ሊቁ» ያሰኘው ፀጉር አስተካካይ መስታወቱ ፊት ቆሞ ክራቫቱን ያጠብቃል። የእህቱ ባል፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ የዘፈኑን ወረቀት ይዞ ተቀምጧል። እሱን «አማች» እንለዋለን።)

ሊቁ፦ ስንቴ ልንገርህ? እረፍት ማለት ውጣ ማለት አይደለም!

አማች፦ ታዲያ ምን ማለት ነው? ወረቀቱ «እረፍት» ይላል፤ እኔም አረፍኩ።

ሊቁ፦ ሁለት ምት ነው የሚታረፈው! አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ትቀጥላለህ። አንተ ትናንት ሻይ ልትጠጣ ሄድክ!

አማች፦ የት ጠጣሁት! ተሰልፌ ተራዬ ሳይደርስ ድምፃችሁን ስሰማ ትቼው መጣሁ። ልክ ካቆምኩበት ቀጠልኩ።

ሊቁ፦ እኛ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ደርሰን ነበር!

አማች፦ ለዚህ ነዋ ሁላችሁም ዞራችሁ ያያችሁኝ። እኔ ያማረብኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሊቁ፦ እህቴ ምን ዓይነት ሰው እንዳገባች! ስማ፣ ዛሬ አዳራሹ ሙሉ ነው። ማወቅ ያለብህን ባጭሩ ላስረዳህ። የመጀመሪያው ዘፈን በአራት ድምፅ ነው።

አማች፦ በአራት ብቻ? ሃያ ሁለት ሆነን? የቀረነው ድምፅ አልሰጠንም ማለት ነው?

ሊቁ፦ ምርጫ አይደለም እኮ!

አማች፦ አንተማ መክፈቻውን ብቻህን እንድትዘፍን የተመረጥከው በእጅ ማውጣት ነው።

ሊቁ፦ አዎ፤ እጅ ያወጣሁትም እኔ ነኝ።

አማች፦ እሱን እኮ ነው የምልህ።

ሊቁ፦ (ሰምቶ እንዳልሰማ) ሁለተኛ፣ ሲስተር ቁልፉን ቀይራዋለች።

(ሲስተር የሚሏት ኳየሩን የምትመራው የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት።)

አማች፦ ኤዲያ! በሩ ጠዋት እምቢ ያለኝ ለካ ለዚህ ነው።

ሊቁ፦ የዘፈኑን ቁልፍ! ከፍ ካለ ቦታ እንጀምራለን ማለት ነው፤ ወደ ላይ።

አማች፦ መድረኩ ላይ ሦስት ደረጃ አለ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ መሰላል ላምጣ?

ሊቁ፦ (ግንባሩን ይይዛል) አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ ከበዓሉ ሳልደርስ ልትገድለኝ ነው።

(በሩ ይንኳኳል። አማች ተነስቶ ይከፍታል፣ ወደ ውጭ ብቅ ብሎ ያዳምጣል፣ ይመለሳል።)

ሊቁ፦ ማነው?

አማች፦ ሲስተር ናት። «ከኋላ ያለው ቀጭኑ ከመስመር ወጥቷል፤ ሰው ሳይገባ ቶሎ ያዙልኝ» ብላኝ ሮጠች። (የሥራ ቦርሳውን ያነሳል) እስኪ ልየው።

ሊቁ፦ ምኑን ነው የምታየው?

አማች፦ ቀጭኑን ነዋ።

ሊቁ፦ ቁጭ በል። ቀጭኑ አንተ ነህ።

አማች፦ (ሆዱን ቁልቁል እያየ) እኔ?

ሊቁ፦ ሰውነትህን ማን አነሳ? ድምፅህን ነው! ከኋላ የሚቆመው ማን ነው?

አማች፦ እኔና አንተ።

ሊቁ፦ ከሁለታችን ወፍራም ድምፅ ያለው?

አማች፦ አንተ ነኝ ትላለህ።

ሊቁ፦ ስለዚህ ከመስመር የወጣው ማን ሆነ?

አማች፦ (ቦርሳውን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል) እኔ። ግን እኮ ቧንቧው…

ሊቁ፦ ቧንቧ፣ ቧንቧ! በእንቅልፍህም ቧንቧ ነው የሚታይህ። ሴትዮዋ በሙዚቃ ቋንቋ ተናገረች፤ አንተ በብረት ቋንቋ ሰማህ።

አማች፦ ዓመቱን ሙሉ አንድ ልምምድ አልቀረሁም። ዝናብ ቢሆን፣ ብርድ ቢሆን መጥቻለሁ። ዛሬ፣ በዋናው ቀን ወጣሁ ማለት ነው?

ሊቁ፦ አይክፋህ። «ያዙልኝ» ያለችው እኔን ነው። ይኸው እይዝሃለሁ። ቀጥ ብለህ ቁም፣ አገጭህን ቀና አድርግ፣ «ላ» በል።

አማች፦ ላ።

ሊቁ፦ እንደ ሰው! ደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጆሮውን የቆረጥኩት አስመሰልከው። እንደገና።

አማች፦ ላ… ቆይ፣ «ሽሽሽ» የሚል ነገር አይሰማህም?

ሊቁ፦ ጭብጨባ ነው። ከመድረክ ኋላ ሲሆኑ እንደዚህ ነው የሚሰማው።

አማች፦ ገና ሳንጀምር?

ሊቁ፦ እኔን የሚያውቁኝ ናቸዋ።

አማች፦ (ጆሮውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል) ጭብጨባ ይንጠባጠባል እንዴ?

ሊቁ፦ ሰው ሲደክመው ይንጠባጠባል። «ላ» በል አልኩህ!

አማች፦ ላ። ጫማዬ ራሰ።

ሊቁ፦ ላብ ነው። መድረክ የፈራ ሰው ከእግሩ ጀምሮ ነው የሚያልበው። የሰውነት ጠባይ ነው፤ አንብቤዋለሁ።

አማች፦ ያንተም ራሰ እኮ።

ሊቁ፦ እኔ? እኔ ፈርቼ አላው…

(ከሊቁ ጀርባ የግድግዳው ቧንቧ «ጧ!» ብሎ ይበጠሳል። ውኃው ከወገቡ በታች ይለቀቅበታል። ሊቁ ወንበር ላይ ዘሎ ይወጣል። አማች ከኮት ኪሱ ፒንሳ መዝዞ ወደ ኮሪደሩ ይሮጣል። ጥቂት ቆይቶ ውኃው ይቆማል።)

አማች፦ (ክንዱ ድረስ ርሶ እየተመለሰ) ዋናውን ዘጋሁት። መጸዳጃ ቤት ጋ ቀጭኑ ቧንቧ ከመስመሩ ወጥቶ ኖሯል፤ ይሄኛውንም ስቦ በጠሰው። ሲስተር ያለችው ቃል በቃል ነው።

ሊቁ፦ (ወንበሩ ላይ እንደቆመ) ታዲያ ባለሙያው አንተ አይደለህ? ለምን ዝም አልክ?

አማች፦ ጭብጨባ ነው አልከኝ።

ሊቁ፦ እንዴት አምነህኝ!

አማች፦ እህትህን ካገባሁ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስታውቅ ነው የኖርከው። በምን ልጠርጥርህ?

(ከውጭ «አሥር ደቂቃ!» የሚል የሴት ድምፅ ይሰማል።)

ሊቁ፦ አለቀልኝ። በዚህ ሱሪ? ያ ሁሉ ደንበኛዬ ተቀምጦ? ነገ ሱቄ ገብተው ምን እንደሚሉኝ ታውቃለህ?

አማች፦ (ሱሪውን እያወለቀ) እንካ።

ሊቁ፦ ምን እያደረግህ ነው? በሩን ዝጋ እንጂ!

አማች፦ የኔ ከጉልበት በላይ ደረቅ ነው። ጥቁርም ነው። ቦርሳዬ ውስጥ የሥራ ቱታዬ አለ፤ እሱን እለብሳለሁ።

ሊቁ፦ ሁሉም በጥቁር ሱሪ ቆሞ አንተ በሰማያዊ ቱታ? ሰው ምን ይልሃል?

አማች፦ የሰፈሩ ሰው ያለ ቱታ ሲያየኝ ነው ግራ የሚገባው። ባለፈው የወተት ሻጯ ሙሉ ልብስ ለብሼ ብታየኝ «ማንን ፈለጉ?» አለችኝ። ልበስ ይልቅ፣ ጊዜ የለም።

(ይቀያየራሉ። ሱሪው ለሊቁ ሁለት እጥፍ ይሆናል። አማች ከቦርሳው ሲባጎ አውጥቶ ወገቡ ላይ ያስርለታል።)

ሊቁ፦ በጣም አጠበቅከው።

አማች፦ ከፍ ያለውን ስትዘፍን እንዳይወልቅ ነው።

ሊቁ፦ (በመስታወቱ ራሱን ያያል፤ ወዲያው ፊቱ ይለወጣል) እንዴ…

አማች፦ ምነው? ሲባጎው ጠበቀህ?

ሊቁ፦ ጠፋኝ።

አማች፦ ምኑ?

ሊቁ፦ ግጥሙ! የመጀመሪያው ቃል! ጭንቅላቴ ውስጥ ምንም የለም፤ ሙልጭ ተደርጎ ተላጭቷል። ወረቀቱን ስጠኝ!

አማች፦ (ወለሉ ላይ የተጣበቀውን ብጥስጣሽ እያነሳ) ሾርባ ሆኗል።

ሊቁ፦ ወየው ጉዴ! አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አፌን ከፍቼ ልቆም ነው?

አማች፦ አይዞህ፣ እኔ አውቀዋለሁ።

ሊቁ፦ አንተ? አንተ እረፍቱን እንኳ አታውቅ!

አማች፦ (ዓይኑን ይጨፍናል፤ በለሰለሰ፣ ንጹሕ ድምፅ ያዜማል)

ዓመት ዞሮ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣
ግባ በሉት ያንን ውጭ የሰነበተ።

(ሊቁ ሲባጎውን እንደያዘ ይቀራል።)

ሊቁ፦ ይሄ የማን ድምፅ ነው?

አማች፦ የኔ ነዋ። እዚህ ክፍል ሌላ ማን አለ?

ሊቁ፦ ዓመቱን ሙሉ የት ነበር?

አማች፦ አጠገብህ። አንተ ስትጮህ ግን አይሰማም።

ሊቁ፦ ሲስተር… ሲስተር ሰምታዋለች?

አማች፦ አንተ አጠገብ ያቆመችኝ ለምን ሆነና?

ሊቁ፦ እሱማ ከእኔ እንድትማር ነው።

አማች፦ እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ብጠይቃት «እሱ ሲስት ሕዝቡ ያንተን እንዲሰማ ነው» አለችኝ። ቅር እንዳይልህ ብዬ ነው ቀስ እያልኩ ስዘፍን የከረምኩት።

(ሊቁ ወንበር ላይ ዘፍ ይላል።)

ሊቁ፦ አንድ ነገር ልለምንህ። ይቺን ነገር እህቴ እንዳትሰማ። በእግዜር፣ ዕድሜ ልኬን ነው የምትስቅብኝ።

አማች፦ (ጭንቅላቱን ያካል) እህትህማ…

ሊቁ፦ እህቴማ ምን?

አማች፦ መጀመሪያ ሲስተር ዘንድ ሄዳ የነገረቻት እሷ ናት። «አብሬው ነው ያደግሁት፤ እባካችሁ ብቻውን እንዳታዘፍኑት» ብላ።

(ከውጭ «ግቡ! ግቡ!» ይባላል። ሊቁ ተነስቶ ሱሪውን በአንድ እጁ ይይዛል፣ በሌላው በሩን ይከፍታል፣ አማቹን በትከሻው ገፋ አድርጎ ያሳልፈዋል።)

ሊቁ፦ በል ቅደም። ዛሬ ቀስ ብለህ ብትዘፍን ግን ወዮልህ!