ጋዝ፣ ኤሌክትሪክና አባቴ

ሰው በሁለት ይከፈላል ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ እመኑ። ሀብታምና ድኻ፣ ጨዋና ባለጌ ምናምን የሚባለውን ተዉት፤ እሱ የበጋ ወሬ ነው። እዚህ እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ መስኮት መደብደብ ሲጀምር ሰው ሁሉ የጋዝ ወገንና የኤሌክትሪክ ወገን ሆኖ ቁጭ ይላል። ለቅሶ ቤት ሂዱ፣ ሠርግ ቤት ሂዱ፣ የፋብሪካ ሰርቪስ ስትጠብቁ ቁሙ፤ ደኅና ነህ ደኅና ነሽ ተባብላችሁ ሳትጨርሱ «ቤታችሁን በምንድን ነው የምታሞቁት?» የሚል አይጠፋም። ከዚያ በኋላ ዘመድም ብትሆኑ ዘመድነታችሁ ያከትማል። የጋዙ ሰው «ኤሌክትሪክ ጉሮሮ ያደርቃል» ይላል፣ የኤሌክትሪኩ ሰው «ጋዝ እንደ ተኛህ ያስቀርሃል» ይላል። ከአንዱ ወገን ከድቶ ወደ ሌላው የሄደ ሰው እስካሁን አላየሁም።

እኔ የጋዝ ወገን ነኝ። ለምን ብትሉኝ፣ እሳቱን በዓይኔ ካላየሁት የሞቀኝ አይመስለኝም፤ በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ባለቤቴ ኦስናት ግን እዚሁ አገር የተወለደች፣ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ቴክኒሻን ሆና የምትሠራ ሴት ናት፤ ያለ ማስረጃ አፏን አትከፍትም። እሷ የምትፈልገው መዝጋን ነው፣ ያ በጋ የሚያቀዘቅዝ፣ ክረምት የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ዕቃ። ለሁለት ክረምት እየተከራከርን በብርድ ከረምን። ልጆቹም ካፖርት ለብሰው ክርክራችንን ያዳምጡ ነበር።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከበደ። አባቴ መጡ።

በኩር ልጃቸው እኔ ሆኜ ሳለሁ አባቴ ብዙ ዓመት የኖሩት ኤላት ከተማ፣ ታናሽ እኅቴ ዘንድ ነው። ይህ ነገር ሰው ባያነሣብኝም ያንገበግበኝ ነበር። በስንት ልመና ዘንድሮ እኛ ዘንድ መጡልኝ። እሳቸው ከመጡ ወዲህ ልጆቼ በአማርኛ መሳደብ ጀመሩ፤ ለኛ ሰፈር ይህ ትልቅ እድገት ነው። እኔም ከሥራ ስገባ «መጣህ ልጄ?» የሚለኝ ሰው አገኘሁ። ምን ያደርጋል፣ ደረታቸው ብርድ አይችልም። ገና በመጀመሪያው ዝናብ ሳል ጀመራቸው፣ እኅቴም ከኤላት ደወለች። «አባባን በብርድ ልትጨርሳቸው ነው እንዴ? ላክልኝ!» ኤላት ክረምት የሚባል ነገር አታውቅም፤ እኅቴም ይህን የምታወራው ሙቀቱን የሠራችው እሷ ራሷ ይመስል ነው። አባቴም «እስቲ ክረምቱን እንኳ እሷ ዘንድ ልክረም» አሉ። ከሄዱ እንደማይመለሱ አውቄዋለሁ። ፈራሁ፣ ምን እዋሻችኋለሁ።

በዚያው ሳምንት መዝጋን ተገዛ። ኦስናት አሸነፈች፤ እኔም ለአባቴ ስል ተሸነፍሁ። የሰንበት ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ሰንበታችን ቅዳሜ ነው፤ በአባቴ ደንብ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋል። አለማንደድ ብቻ አይደለም፣ የነደደውም፣ መዝጋኑም ሳይቀር፣ ይጠፋል። ኦስናት ግን መላ አላት። የሰንበት ሰዓት የምትባል ትንሽ ዕቃ ግድግዳው ላይ ሰክታ አሳየቻቸው።

«አባባ፣ ይህችን ዓርብ ማዘዝ ነው። ቅዳሜ መዝጋኑን ራሷ ታበራዋለች፣ ራሷ ታጠፋዋለች። እኛ እጃችንን አናነሣም።»

አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ሰዓቷን ነቅለው አገላብጠው አዩዋት። «እኛ ስናርፍ እሷ ልትሠራ?» አሉ። «አገልጋይህም ይረፍ ተብሎ የለም እንዴ?»

ኦስናት ሰዓቷን ተቀብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተቻት። ከተጋባን ወዲህ ስትረታ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ደስም አለኝ። እኔ ደግሞ አጋጣሚውን ልጠቀም ብዬ «ዓርብ የተለኮሰ ጋዝ ቢሆንስ?» አልሁ። አባቴ በዓይናቸው ብቻ አስቀመጡኝ። እንግዲህ ስድስቱን ቀን ይሞቀናል፣ ቅዳሜ አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ያስላሉ። ሻንጣቸውም ከቁም ሣጥን ላይ ወርዶ በር ሥር ተቀመጠ።

አንድ ቅዳሜ ከጸሎት ስመለስ አባቴ ሳሎን የሉም። ብፈልጋቸው ኮሪደሩ ውስጥ ወንበር አስጠግተው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዶ ያንቀላፋሉ። ሳል የለም።

«አባባ፣ ምነው እዚህ?»

«እስቲ እጅህን እዚህ ላይ አድርግ» አሉኝ። ግድግዳው እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃል። ከወዲያ በኩል ያለችው ጎረቤታችን ላሪሳ ናት፤ ከሩሲያ አገር የመጣች፣ ቅዳሜን ከማክሰኞ የማትለይ ደግ ሴት። ማሞቂያዋ ለካ እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። «እኔ አላነደድሁ፣ እኔ አላዘዝሁ» አሉ አባቴ። «ራሱ መጣ።»

«በጋዝ ይሆን በኤሌክትሪክ?» አልሁ፤ ልማድ ነው።

«እንዳትጠይቃት!» አሉኝ። «ምን አገባን?»

ሻንጣው ወደ ቁም ሣጥኑ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰቡ በሙሉ፣ ልጆቹም ኦስናትም ሳይቀሩ፣ ሐኪም ቤት ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ኮሪደሩ ላይ ተደርድረን ጀርባችንን እናሞቃለን። ሳሎኑ ሰፊ ነው፤ ማን ዘወር ብሎ ያየዋል! እኅቴም ስትደውል አባቴ ስልኩን ተቀብለው «እዚህም ይሞቃል» አሏት። ይህን የሰማሁ ቀን ደስታዬን የት ላድርሰው!

ባለፈው ማክሰኞ ላሪሳ ደረጃ ላይ ያዘችኝ።

«ጎረቤት፣ ስለ ማሞቂያ ስትጨቃጨቁ በግድግዳው ስሰማ ነው የከረምሁት፤ አንተ ሁሉንም ታውቃለህ» አለችኝ። «አሮጌውን ላወጣው ነው። ሠራተኛ መጥቶ አይቶት ግማሹ ሙቀት ግድግዳው ውስጥ እየገባ ይቀራል አለኝ። አዲሱን በመስኮቱ በኩል ላስተክለው ነው። ጋዝ ይሻላል ወይስ ኤሌክትሪክ?»

እስቲ አስቡት! ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ባገኝ ምሳዬን ትቼ የማወራ ሰውዬ መሸሻ ፈለግሁ። ማሞቂያሽን ከዚያ ግድግዳ አታንሺው ብላት፣ እንደ ሰንበት ሰዓቷ የቅዳሜን ሙቀት አስቀድሞ ማዘዜ ነው። ዝም ብላት ደግሞ ሻንጣው ይወርዳል። «እኔ ምን አውቃለሁ?» ብያት ሮጥሁ።

ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኋቸው።

«ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ማክሰኞ።»

«ታዲያ በማክሰኞ ምድር ጎረቤት ምክር ስትጠይቅህ ጥለሃት ትሮጣለህ? ነውር አይደለም? ሂድና አስረዳት! የነበረበት ቦታ ጥሩ ነው በላት።»

ማክሰኞ ያዘዙት ቅዳሜ ሲሠራ ነውር ከሌለው፣ ያቺ ምስኪን የሰንበት ሰዓት ምን አጠፋች? ይህን ልላቸው አፌን ከፈትሁ። ኦስናት ከኋላቸው ቆማ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ኤላትም ሩቅ ናት። አፌን ዘጋሁና ሄጄ የላሪሳን በር አንኳኳሁ።

«ጋዝም ግዢ፣ ኤሌክትሪክም ግዢ፣ ሁለቱም ጥሩ ነው» አልኋት። «ብቻ አደራሽን፣ ከዚያ ግድግዳ አታርቂው።»