ለሜሳ የደምቢ ዶሎንና የጋምቤላን ሰማይ ለክቶ አያትን እንደ ያዘ

ጀግናው ለሜሳ፣ መኰንነ ሻንጣ፣ በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በተጓዦች ጓዝ ላይ በሠለጠነ በአራተኛው ዓመት፣ ባቡሩ ሕዝብ ጠቅጥቆ ወደ አያት በሚተምበት ዘመን፣ በወርኃ ጥቅምት፣ በዕለተ ሰንበት ይህ ሆነ።

አስቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ለሜሳን ወደ ደምቢ ዶሎ አውሮፕላን ማረፊያ አዛወረው፤ እጮኛው ቢሊሴ፣ ብርሃነ አያት፣ ጋምቤላ አዋላጅ ነርስ ነበረችና ተቀራረብን ብሎ ደስታው ልክ አጣ። እናቷ ወይዘሮ ደሪቱ፣ እመቤተ ኮንዶሚኒየም፣ ግን ይህን በሰሙ ጊዜ ተቈጥተው በስልክ እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦

«አያት ያላችሁ፣ ቦሌም ያላችሁ ስሙኝ! እሷ አንድ ጫፍ፣ እሱ አንድ ጫፍ ሆነው ምኑን ተጋቡት? በዚያ ገደል በመኪና ይገናኛሉ እንዳትሉኝ! ልጄን ለርቀት አልድርም!»

ለሜሳም ይህን ሰምቶ ምሳውን ገፋው፤ ያለ ቢሊሴ መኖርን አያውቅበትምና። ሆኖም ጨክኖ ሠራዊቱን አስከትቶ ተነሣ፤ በቀኙ አጎቱ አቶ ቀነኒሳ፣ ሊቀ ላዳ፤ በግራው ጓደኛው አብኔዘር ዘካርጎ፣ የተጠቀለለ ካርታ እንደ ጦር ተሸክሞ፤ በኋላውም ጎረቤቱ ጸጋይ፣ ከአትላስ የተገዛ ኬክ በሁለት እጁ ደግፎ። ላዳዋ መገናኛ ላይ ብትከዳቸው ባቡር ገቡ፤ በዚያም ግፊያ የኬኩ አንድ ጐን በክብር ተሰዋ።

ከጋምቤላ ለእረፍት የመጣችው ቢሊሴ የእናቷን በር ከፈተችላቸው። ካርታው በጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ፤ ጥጉንም የጁስ ብርጭቆዎች ጠበቁት። ለሜሳ የጫማውን ክር ፈትቶ፣ ከደምቢ ዶሎ እስከ ጋምቤላ ገትሮ፣ ከካርታው መስፈሪያ ጋር አስተያይቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አወጀ፦

«እማማ፣ በሰማይ ስልሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው! አውሮፕላን ቢሄድበት አስተናጋጇ ውኃ አድላ ሳትጨርስ ያርፍ ነበር!»

ሠራዊቱም አጨበጨበ። ወይዘሮ ደሪቱ ግን አንድ ጣታቸውን አነሡ፦

«ቢሄድበት? ‹ቢ› ምንድን ናት?»

አብኔዘርም ዝም በል ሲል የለሜሳን እግር ረገጠው። እርሱ ግን የነገ አማቱን መዋሸት ተጠይፎ፣ ሞቱን የሚያውጅ መስሎት እውነቱን አወጀ፦

«ቀጥታ በረራ የለም፣ እማማ። ከደምቢ ዶሎ ቦሌ፣ ከቦሌ ደግሞ ጋምቤላ ነው። ከመጠበቁ ጋር ቀኑ ያልቃል፤ ማደርም አለ።»

ጸጋይ ኬኩን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። ያን ጊዜ የወይዘሮ ደሪቱ ፊት ቀስ እያለ በራ፣ ብድግም አሉ፦

«ማደር? ሲሄዱ ቦሌ፣ ሲመጡ ቦሌ? እኔ እኮ ልጄን ዳግመኛ አላያትም ብዬ ነው የፈራሁት! እንግዲህ ስሙ! ቦሌ ወርደው አያት ሳያድሩ ማለፍ ክልክል ነው! ሠርጉ ይደገስ! ቀጥታ በረራ ይከፈት የሚል ግን ከቤቴ ይውጣ!»

እልልታው ከፎቅ ወደ ፎቅ ተቀባበለ፤ ቢሊሴም እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ጀግናውም በሠራዊቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ሲነሣ በአናቱ የሳሎኑን አምፖል ደበደበ።

ለሜሳ ሆይ፣ ርቀትን ዘመድ ያደረግህ፣ በሐቅ አማት የማረክህ፣ የምዕራብ ደመናት ሁሉ ይገዙልህ! መቀመጫህ በመስኮት በኩል ይሁን፤ ዘርህ በምድር ይብዛ፤ ትራንዚትህም የተባረከ ይሁን።