ስርዝ የሌለበት መዝገብ

ማንበብ ያቃተውን መስመር ዘሎ የሚያልፍ ሰው ዋሸ ይባላል? ራሴን ስጠይቅ ከረምኩ። የሌለ ነገር አልጨመርኩ፣ ያለውን አልሰረዝኩ፤ ዝም ብዬ አለፍኩ እንጂ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ዝንቡስ አልገባም፤ የገባው ሌላ ጣጣ ነው።

አዲስ ፊደል የቆጠረ ሰው አይታችኋል? አዲስ ጫማ እንደተገዛለት ልጅ ነው፤ ጭቃውን ሲፈራ መንገዱን አያይም። እኔም የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀቴን ግድግዳ ላይ ከለጠፍኩ ወዲህ ሰፈርተኛው «ጓድ ጸሐፊ» እያለ ይተርበኝ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተረቡን ወድጄዋለሁ።

የጂንካ ዝናብ የጤና ጣቢያችንን ጣሪያ አልፎ የሕፃናቱን መዝገብ ሲያበሰብሰው፣ ድሬሰሩ አቶ ደስታ በአዲስ ደብተር እንድገለብጥለት ለመነኝ። «ክትባት ሊሰጡ የሚመጡት ስም የሚጠሩት ከዚህ መዝገብ ነው። የእጅ ጽሑፍሽ ደግሞ ያምራል» አለኝ። በዚህችው አለቀልኝ።

ሁለት ቀን ጻፍኩ፤ ዓይኔ ከፊደሉ ቅርጽ እንጂ ከስሙ አልነበረም። መሃል ላይ ሦስት መስመር ቀለሙ ፈሶ የጎመን ወጥ መስሎ አገኘሁት። አቶ ደስታ ሦስት እርምጃ ርቆ ቁስል ያጥባል። «ይሄ ምን ይላል?» ብዬ ብጠይቀው ምን ነበረበት? ግን «ጓድ ጸሐፊ ማንበብ አቃታት» እንዳልባል ፈራሁና ዘለልኩት። ባዶ ቦታ ብተው ደብተሩን ያበላሸዋል ብዬ ተራ ቁጥሩን ሳይቀር አስተካክዬ አያያዝኩት።

«አንድ ስርዝ የለበትም!» አለ አቶ ደስታ እያገላበጠ። አሮጌውን መዝገብ ለሁለት አጥፎ ከሚንገዳገደው ጠረጴዛ እግር ስር ሸጎጠው።

የክትባቱ ዕለት አውሮፕላን ማረፊያው ጥግ፣ ከዛፉ ስር ተሰለፍን። እዚህ ቅርብ አልዱባ የሚባለው መንደር ኩፍኝ ገብቷል ስለተባለ እንቅልፍ ካጣሁ ሰንብቻለሁ፤ ልጄ ማርታ ባስነጠሰች ቁጥር ግንባሯን እዳብሳለሁ። ስም ተጠራ፣ ተጠራ፣ አለቀ። ማርታ የለችም።

«ጌታዬ፣ እባክዎ ደግመው ይዩልኝ» አልኩት ከአርባ ምንጭ የመጣውን ከታቢ።

«የለችም እህቴ። መድኃኒቱ የመጣው በስም ልክ ነው፤ ሌላው ነገ ገዘር ከተማ ይሄዳል። ደግሞ እስቲ መዝገቡን እዪው፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ ይሳሳታል?»

የገዛ እጅ ጽሑፌ መሰከረብኝ። የጎመን ወጡ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ልጄን እንዳዘልኩ ወደ ጤና ጣቢያው በረርኩ። «አቶ ደስታ፣ ጠረጴዛውን ያንሱልኝ!»

«ምን ነካሽ የማርታ እናት? ጤናሽ ነው?»

ጠረጴዛውን ራሴው አዘነበልኩት። የአዮዲኑ ጠርሙስ ተንከባሎ ወለሉን አቀለመው። አቶ ደስታ እየተራገመ የራሰውን ገጽ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘና የገዛ ጽሑፉን እንደ ውሃ አነበበው። «ማርታ፣ ይቺ ያንቺ ናት። ይሄ የአበበች ልጅ፣ ይቺ ደግሞ የአስካለ። ምነው ሳትጠይቂኝ?»

«ሥራ ይዘው ስለነበር ነው» አልኩ። ይሄም ሌላ ዝላይ ነው።

ሰፈርተኞቼ አበበችና አስካለ ስማችን ካልተጠራ ተራችን አይደለም ብለው ቤታቸው ገብተው ነበር። በር በሩን አንኳክቼ ከነልጆቻቸው አስሮጥኳቸው። ከታቢው የበሰበሰውን መዝገብ አየ፣ እኛን አየ፣ ከዚያ የበረዶ ሳጥኑን ከፈተ። ለሚሰበር ለሚፈሰው ብሎ የያዘው ትርፍ ነበረው። ማርታ ክንዷን ተወግታ ጩኸቷን ስትለቀው፣ እንዲያ ያለ ጆሮ የሚያረካ ልቅሶ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። የዚያን ቀን እንደ ድንጋይ ተኛሁ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ሁለቱ እናቶች ምርቃቱን አላቆሙም። «አንቺ ባትኖሪ ልጆቻችን ቀርተው ነበር» ይላሉ በየደረሱበት። ዛሬ ጠዋትማ አስካለ ጎደሬ ቀቅላ ላከችልኝ። በላሁት፤ ሳህኑን ልመልስላት ግን እስካሁን አልሄድኩም።

እንግዲህ እናንተ ከእኔ በፊት ፊደል የጠገባችሁ ምከሩኝ፤ ልንገራቸው ወይስ ይህችንም መስመር ልዝለላት?