ኦቦ ቱፋ እና የሰው ዓይን

ሳይጠሩት መጥቶ የሚያክም ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለእኛ ለሮቤዎቹ የደረሱን ክቡር ፕሮፌሰር ኦቦ ቱፋ ናቸው። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ እሳቸው ሠላሳ ዓመት የጠበቁት የጤና ጣቢያ በር ነው።

ልዩ ሙያቸው ዓይን ነው። ሠርግ ላይ ሙሽራውን በባትሪ ይመረምራሉ። ከዲንሾ ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ የማያውቋቸውን ሴትዮ የዓይን ቆብ ገልብጠው፣ «ፀጉሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌንዎን እየፋቀው ነው!» ብለዋል። ሴትዮዋ ተሳድበው ሲያበቁ ሄደው ታከሙ። በያጁ ሻፊ ያለ መነጽር ሲበይድ ከተገኘ ደግሞ ሶኬቱን ይነቅሉበታል። መፈክራቸው «ቅጠል ለፍየል፣ ዓይን ለሐኪም!» ነው።

እኔ ደግሞ የተማርኩ ነኝ። አምና ገብስ ስንወቃ እብቅ ዓይኔ ገባ፤ አሸሁት። ሲቀላ አክስቴ ያመጣችውን ቅጠል ጨምቄ አንጠባጠብኩበት። ዲግሪዬ እኮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል! ከዚያ ኦቦ ቱፋ እንዳያዩኝ ጥቁር መነጽር አድርጌ ሳምንት ሙሉ በጓሮ በኩል ስወጣ ስገባ ሰነበትኩ። በጉም ቀን መነጽር ማድረጌን ሰምተው መጡ።

«አውልቅ!»

«ደህና ነኝ እኮ፣ ኦቦ ቱፋ...»

«አውልቅ አልኩህ!»

አወለቅኩ። ዓይኔን በባትሪያቸው አንዴ አዩት። እጄን ይዘው ጎባ ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ።

ሐኪሙ አልሸሸገኝም። ቁስሉ ብሌኔ ላይ ጠባሳ ጥሏል። በሌላ ሰው ብሌን ካልተተካ በዚህ ዓይን አላይም። ብሌን የሚገኘውም ከሞቱ በኋላ እንዲወሰድ ፈቅደው ካለፉ ሰዎች ስለሆነ ተራ መጠበቅ አለብኝ።

ስንመለስ አለቀስኩ፤ በሁለቱም ዓይኔ።

«አኒ ጂራ፣ እኔ አለሁ» አሉ ኦቦ ቱፋ። «የእኔን እንዲወስዱ ፈርሜያለሁ። ሰማንያ ሊሞላኝ ነው፣ ብዙም አትጠብቅም።»

የእሳቸው ብሌን እኔ ላይ ሲተከል ታየኝ። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ቆብ ስገለብጥ ልኖር ነው! ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን የሚተከልልኝ እሳቸው ሲሞቱ መሆኑ ትዝ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ጥሏቸዋል ሲሉኝ የሪራ ማር ይዤ እየሮጥኩ ሄድኩ። ከብርድ ልብሱ ስር ብቅ ብለው አዩኝ።

«ዓይኑን ልትወስድ መጣህ?»

«የለም፣ ኦቦ ቱፋ» አልኳቸው። «አደራ፣ ገና ብዙ ዓመት ይዩበት።»